ቢጫዋ ጂፒኤስ፦ ከዳንግላ ሱቅ እስከ ዘንገና ጉም

በዚያ ቅዳሜ አብረን የነበርነው እነዚህ ነን፦ እኔ፣ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጄ ብርቱካን፣ ጎረቤታችን እትዬ ውድነሽ፣ ዳንግላ ላይ በጋሪ ያመላለሱን አያ ጥሩነህ፣ ባለ ሱቁ ወንድይፍራውና የአያ ጥሩነህ ዳማ ፈረስ። ፈረሱን ከሰው ጋር የቆጠርኩት እትዬ ውድነሽ «ከሁላችን የደከመው እሱ ነው፣ ይጻፍ» ስላሉ ነው።

ይህን ማስታወሻ የጻፍኩት የብርቱካን ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ ክበብ ለመጽሔቱ ስለጠየቀኝ ነው። እኔ የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። ፊደሉን ብርቱካን አርማልኛለች፤ ነገሩን ግን እንዳትነካ አስምያታለሁ።

የመንገዳችን ምክንያት ጨዋታ ነው። ጂኦካሺንግ ይሉታል። አንድ ሰው ትንሽ ሣጥን ወስዶ የሆነ ቦታ ይደብቃል፤ ቦታው የሚገኝበትን ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ይጽፋል። ሌላው ሰው ቁጥሩን ጂፒኤስ በሚባል የእጅ መሣሪያ ውስጥ ያስገባና እየተከተለ ሄዶ ሣጥኑን ያገኛል። ሲያገኝ ውስጡ ባለው ደብተር ስሙን ይጽፍና ሣጥኑን እንደነበረ ይመልሳል። አለቀ። ብርቱካን መጀመሪያ ስትነግረኝ ሦስት ጊዜ «ከዚያስ?» ብያታለሁ። ከዚያ ምንም የለም። ደስታው ማግኘቱ ነው አለችኝ።

የጂኦግራፊ መምህርታቸው ዘንገና ሐይቅ አጠገብ እንዲህ ያለ ሣጥን መኖሩን አግኝታ ቁጥሩን ለክበቡ ልጆች ሰጠቻቸው። የክበቡ መሣሪያ ግን ተሰብሯል። ብርቱካን ዶሮ አርብታ እንቁላል በመሸጥ ያጠራቀመችው ገንዘብ ነበራትና «የራሴን ልግዛ፣ ከጓደኞቼ ጋር ዘንገና ልሂድ» ብላ ያዘችኝ። እኔ ከሐምሌ ጀምሮ እንቢ ስል ቆየሁ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች እንጨት ለመልቀም ለከሰል ከሚተከለው የዲከረንስ ዛፍ መሐል ገብታ፣ ጉም ወርዶ ጠፍታብን ነበር። የተገኘችው ሊመሽ ሲል ነው። ከቤታችን ማዶ ነበረች። ስንጠራት ትሰማናለች፤ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ግን አላወቀችም። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጄን ድምፄ ከሚደርስበት አልፋ እንድትሄድ ፈቅጄ አላውቅም።

በጥቅምት መጀመሪያ ተሸነፍኩና ቃል ተጋባን። «መሣሪያውን እኔ እመርጣለሁ፣» አልኳት፤ «ከዚያ ዘንገና ድረስ ወስጄ ራሴ እፈትነዋለሁ። ካለፈ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከጓደኞችሽ ጋር ያለ እኔ ትሄጃለሽ። ከወደቀ ግን ይህን ወሬ ዳግም እንዳታነሺብኝ።»

«እሺ እማ» አለች። ሳትከራከር እሺ ስላለች የበለጠ ፈራሁ።

ጠዋት 12፡30፣ እንጅባራ መናኸሪያ

ሁለት ጃንጥላ፣ አንድ ጋቢ፣ የተቀቀለ ድንች በፌስታል፣ ሚጥሚጣ በወረቀት፣ ውኃ፣ ፕላስተር፣ ሻማና ክብሪት ይዤ ነበር። እትዬ ውድነሽ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

«አንቺ ሙሉ፣ የምንሄደው ዳንግላ ነው ወይስ ግብፅ?»

«ዝናብ ቢመጣስ እትዬ?»

«ለዝናቡ ጃንጥላው ይበቃል። ሻማው ለማን ነው?»

ሻማውን ከድንቹ ሥር ወሸቅኩት። እርሳቸውን ይዤ የሄድኩት ያገሩን ሁሉ ሰው ስለሚያውቁና በአማርኛም በአገውኛም ሲከራከሩ የሚችላቸው ስለሌለ ነው። ሚኒባሱ ለአንድ ሰው ሃያ አምስት ብር አለን። ከመግባቴ በፊት አራቱንም ጎማ ዞሬ አየሁ። ሹፌሩ «እናት፣ ትላንት ነው የተቀየረው» አለ። የኋላ ግራው የተቀየረ አይመስልም ነበር፤ ብቻ በቀኝ በኩል ተቀመጥኩ።

መንገዱ ያምራል። ከእንጅባራ ስንወጣ ብርዱ መስታወቱን ጤዛ አልብሶት ነበር፤ ወደ አዲስ ቅዳም ስንጠጋ ፀሐይ ወጣች። ግራና ቀኙ ዲከረንስ ነው፤ ባለቤቶቹ ቆርጠው ያከሰሉት ከሰል በማዳበሪያ ተሞልቶ ዳር ዳሩን ተደርድሯል። በመሐል የድንች ማሳ ሲያጋጥመኝ አንገቴ ይዞራል፤ ሥራዬ ድንች መሸጥ ስለሆነ ቅጠሉ ዋግ ይምታው አይምታው ሳላይ ማለፍ አልችልም። አደይ አበባው ገና አልረገፈም። ብርቱካን ቁጥሩ የተጻፈበትን ወረቀት ከደብተሯ አውጥታ ታየዋለች፣ ትመልሰዋለች፣ ደግሞ ታወጣዋለች። እትዬ ውድነሽ አዲስ ቅዳም ላይ የተጠበሰ በቆሎ በአምስት ብር ገዝተው ለሦስት ቆረሱልን።

2፡00፣ ዳንግላ

ዳንግላ ከእኛ ይልቅ ይሞቃል፤ ጋቢው ገና በጠዋቱ ሸክም ሆነ። ከመናኸሪያው በር ላይ ጋሪዎች ተሰልፈው ነበር። ረጋ ያለ ፈረስ መርጬ ወደ ባለቤቱ ሄድኩ። አያ ጥሩነህ ይባላሉ፤ ጢማቸው የሸበተ፣ ፈረሳቸውን በአገውኛ የሚያናግሩ ሰው ናቸው።

«ምን ልትገዙ ነው የመጣችሁ?» አሉን ስንሳፈር።

«መንገድ የሚያሳይ መሣሪያ፣» አልኳቸው።

«ታዲያ ፈረስ አትገዙም? ይሄ ዓይኑን ጨፍኖ ቤቱን ያገኛል። ባትሪ አይጠይቅም።»

እትዬ ውድነሽ ከኋላ ሆነው «ቤቱንማ ያገኛል። የደበቁትን ሣጥን ያገኛል ወይ?» አሉ።

«ሣጥኑ ገብስ ከያዘ ያገኛል፣» አሉ አያ ጥሩነህ። እስከ ሱቁ ድረስ ሳቅን።

የወንድይፍራው ሱቅ ሬዲዮና ስልክ የሚጠገንበት ጠባብ ክፍል ነው። ሥራውን ጨርሶ የሄደ አንድ ፕሮጀክት ዕቃውን ሲሸጥ ሦስት ጂፒኤስ ገዝቶ ነበር። ሦስቱንም ጠረጴዛው ላይ ደረደረልን። አንዱ ትልቅ ነው፤ መስታወቱ ባለ ቀለም፣ በጣት የሚነካ፣ አራት ሺህ ብር። ሁለተኛዋ ቢጫ ናት፤ በመዳፍ የምትያዝ፣ ጎኗ ላይ ያለው ጎማ የተላጠ፣ መስታወቷ ቀለም የሌለው፣ አንድ ሺህ አምስት መቶ ብር። ሦስተኛው ጥቁርና ትንሽ፣ ስም ያልተጻፈበት፣ ሰባት መቶ ብር።

እኔ ድንች ስሸጥ የሰው ሚዛን እንዲሁ አልቀበልም። ራሴ የማውቀውን ኪሎ መጀመሪያ አስቀምጥበታለሁ፤ ልክ ካለ ሥራ እንጀምራለን፣ ልክ ካላለ በሰላም እንለያያለን። እዚህም ይኸው ደንብ ይሠራል ብዬ «ሦስቱንም አብራቸውና የት እንዳለን ይንገሩኝ» አልኩት ባለ ሱቁን።

አበራቸውና ከውጭ ደንበኛ ጠርቶት ወጣ። እኛ ቁጭ ብለን ጠበቅን። ባለ ቀለሙ እየፈለግኩ ነው ይላል። ቢጫዋም እየፈለግኩ ነው ትላለች። ጥቁሩ ግን ወዲያው ቁጥር አወጣ። ሩብ ሰዓት ሆነ፤ ሁለቱ አሁንም ይፈልጋሉ።

«ይኸው፣» አልኩ፤ «ዳንግላ መሐል ተቀምጠው ዳንግላን ካላገኟት ጫካ ውስጥ ምን ያደርጋሉ? ጥቁሩን እንውሰድ። ዋጋውም ቀላል ነው።»

ብርቱካን ጥቁሩን አንስታ እስከ ጓሮ በር ሄደች፣ ተመለሰች፣ ደግሞ ሄደች። «እማ፣ ቁጥሩ እኮ አይቀየርም። እኔ እሄዳለሁ፣ እሱ ቆሟል። ይሄ የድሮ ቁጥር ነው፤ ባለፈው የበራበት ቦታ ይሆናል።»

በዚህ መሐል ወንድይፍራው ተመለሰና ራሱን ያዘ። «እናቴ፣ እዚህ ቤት ውስጥ ነው እንዴ የጠበቃችሁት? ቆርቆሮው እኮ ይጋርዳቸዋል። ሰማይ ካላዩ አያውቁም።»

«ታዲያ ሳትነግረን ለምን ወጣህ?»

«ሰው ሳተላይት በጣሪያ ሥር ይፈልጋል ብዬ አላሰብኩም እናቴ።»

እትዬ ውድነሽ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁብኝ። እኔም ሳቅኩ፤ ግን ሰባት መቶ ብሩን ልከፍል ምንም አልቀረኝም ነበር።

ፈተናው

ወደ ውጭ ወጣን። አሁን የማውቀው ኪሎ ያስፈልገኛል። ከሁሉ የማውቀው ያ የመጣንበት ጋሪ ነው፤ ከሱቁ ወረድ ብሎ ሜዳ ላይ ቆሟል። ጋሪው አጠገብ ቆመን ብርቱካን በሦስቱም ላይ ቦታውን መዘገበች። ከዚያ «ሰፈሩን ዞረን ስንመለስ ወደ ጋሪው ያመጣን መሣሪያ አለፈ» አልኩ።

በጥቁሩ ጀመርን። የሰው አጥር ላይ ወስዶ አቆመን፤ ከውስጥ ውሻ ጮኸብን። እሱ በዚያ ተሰናበተ። ቀጥሎ ቢጫዋን ይዘን ዞርን። በቄራው በኩል፣ በወፍጮ ቤቱ በኩል፣ ቀስቷን እየተከተልን መጣን። ሃያ ሜትር፣ አሥር፣ አራት አለች። ቀና ስል ጋሪ የለም። ባዶ መሬት ነው።

«ወደቀች!» አልኩ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ደስም ብሎኝ ነበር። ቢጫዋ ከወደቀች ዘንገና የለም፤ ዘንገና ከሌለ እኔ እንቅልፌን እተኛለሁ። የብርቱካንን ፊት ሳይ ግን ደስታዬ ወዲያው ጠፋ። መሣሪያዋን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች፣ ትጠርጋለች።

እትዬ ውድነሽ ናቸው ጎንበስ ያሉት። «ሙሉ፣ ይህን እዪ። ፋንድያ ነው። ገና ይጨሳል።»

መንገዱ ማዶ፣ የባሕር ዛፉ ጥላ ሥር፣ አያ ጥሩነህ ጋሪያቸው ላይ ተጋድመው ነበር። «ፀሐዩ ፈረሴን ሲያነደው ጊዜ ፈቀቅ አልኩ። ምነው? ምን አጠፋሁ?» አሉ።

ሳቃችንን ማቆም አቃተን። ብርቱካን ፋንድያው ላይ ልትረግጥ ምንም አልቀራትም፤ ቢጫዋ ያመጣችን እስከዚያ ድረስ ልክ ሆና ነው። አያ ጥሩነህ ነገሩ ሲገባቸው «ለመሣሪያችሁ የመሰከረላት የእኔ ፈረስ ነው፤ የምስክር አበል ይከፈለው» አሉና ከያዝኩት ድንች ሁለቱን ለፈረሱ ተቀበሉኝ።

ባለ ቀለሙም ፈተናውን አልፏል። ግን በፀሐይ መስታወቱ አይታይም፣ በረጠበ ጣት ሲነኩት አይሰማም፣ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። ቢጫዋ በሁለት ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ ነው የምትሠራው፤ ያ ደግሞ በየሱቁ አለ። እኔ የድንጋዩን ቤት አስከፍቼ ዝገት እንደሌለው አየሁ፣ ቁልፎቿን አንድ በአንድ ተጫንኩ፣ ክዳኗ በደንብ መግጠሙን በጥፍሬ ሞከርኩ። ርካሽ ለሚፈልግ ሰው የምመክረው ይህን ነው፦ ከመግዛታችሁ በፊት ወደ ውጭ ይዛችሁ ውጡ፣ የምታውቁት ቦታ ላይ አስመዝግቡ፣ ዞራችሁ ተመለሱ። የማይንቀሳቀስ ነገር ምረጡ፤ ጋሪ አይሁን።

እትዬ ውድነሽ ዋጋውን በአገውኛ ጀምረው በአማርኛ ሲጨርሱ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሆነ። ወንድይፍራው አራት የባትሪ ድንጋይ መረቀልን። አያ ጥሩነህን ጨምረን ሽሮ በልተን በስድስት ሰዓት ሚኒባስ ተሳፈርን።

8፡30፣ ዘንገና

እንጅባራ ደርሰን ቤት ሳንገባ ባጃጅ ይዘን ወደ ዘንገና ወጣን። ባጃጁ አስፋልቱ ላይ አወረደን። ብርቱካን እዚያው ቆማ መንገዱን መዘገበች፤ ከዚያ የሣጥኑን ቁጥር ከወረቀቱ እያነበበች አስገባች። እኔ እያንዳንዱን ቁጥር ሁለት ጊዜ አስነበብኳት። ቢጫዋ ሦስት መቶ ሰማንያ ሜትር ይቀራል አለች።

«አንቺ ያዢያት እማ፣» አለችና ሰጠችኝ። «የምትፈትኚው አንቺ አይደለሽ?»

ሐይቁ እንደ ሳፋ ክብ ነው፤ ዙሪያው ገደልና ደን። ውኃው ያን ሰዓት አረንጓዴ ሆኖ ተኝቶ ነበር። ጦጣዎች ቅርንጫፍ ላይ ሆነው የድንቹን ፌስታል በዓይናቸው ይከተላሉ። እኔ ቀስቷን እያየሁ ከፊት፣ ብርቱካን ከኋላዬ፣ እትዬ ውድነሽ እያጉረመረሙ ከሁላችን በኋላ፤ «ይሄ ሁሉ መንገድ ለተደበቀ ዕቃ! እኔ ቤቴ የደበቅኩት ሞልቶ።»

ሁለት መቶ ሜትር ሲቀር ጉሙ ወረደ። የእኛ አገር ጉም ሲመጣ አያስጠነቅቅም። ሐይቁ ጠፋ፣ ዛፎቹ ጠፉ፣ የመጣንበት ጠፋ። እኔ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። በአንድ እጄ የብርቱካንን ክንድ ጨብጬ በሌላው መሣሪያዋን ያዝኩ። ቀስቷ መዞር ጀመረች። ወደ ቀኝ፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ግራ።

«ተበላሸች! ይኸው ልክ በሚያስፈልግበት ሰዓት!»

«አልተበላሸችም እማ። ርካሽ ስለሆነች ነው። ቆመሽ ስትጠይቂያት አቅጣጫ አታውቅም። ስትሄጂ ብቻ ነው የምታውቀው።»

«ወዴት ልሂድ? እሷ ትንገረኝ እንጂ!»

«ወደ መሰለሽ አሥር እርምጃ ሂጂ። ከዚያ ታርምሻለች።»

«ገደል ቢሆንስ?»

«ገደሉ በግራ ነው፤ ጉሙ ከመውረዱ በፊት አይቼዋለሁ። እኔ ከኋላሽ አለሁ፣ ክንዴን ልቀቂና ሂጂ።»

እትዬ ውድነሽ ከጉሙ ውስጥ ሆነው «በማርያም ሂጂ፣ እኔ እዚህ በቅዬ ቀረሁ!» አሉ። እኔ ደግሞ በልቤ «ጌታ ሆይ» አልኩና ክንዷን ለቀቅኩ። እየቆጠርኩ ሄድኩ። በአምስተኛው እርምጃ ቀስቷ ቀስ አለች። በስምንተኛው ረጋችና ወደ ቀኝ ጠቆመች። ወደ ቀኝ ሄድኩ። መቶ ሰባ። መቶ ሠላሳ። ጫማዬ ይንሸራተታል፣ ነጠላዬ እሾህ ይይዘዋል፤ ቆም ልበል ስል ቀስቷ መዋለል ትጀምራለች፣ ስለዚህ አልቆምም። ስልሳ። ሃያ አምስት። ስድስት።

«አሁን ተዪያትና በዓይንሽ ፈልጊ፣» አለች ብርቱካን። «ከዚህ በላይ አታቀርብም።»

ትልቅ የዛፍ ሥር ነበር። ሥሩ ሥር ሦስት ድንጋዮች ተደራርበዋል። ድንጋይ ብቻውን አይደረደርም። እጄን ሰደድኩ፤ ላስቲክ ነካሁ። በላስቲክ የተጠቀለለ የምግብ መያዣ ሣጥን፣ ክዳኑ ሰማያዊ።

አርባ አራት ዓመቴ ነው። እዚያ ጉም ውስጥ እልል አልኩ። ብርቱካን አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እትዬ ውድነሽ እልልታውን ተከትለው መጥተው ሣጥኑን ከፈቱትና አራት አዝራር፣ አንድ የውጭ አገር ሳንቲም፣ ያለቀ እርሳስና ደብተር ሲያዩ «ይኸው ነው?» አሉ። ደብተሩ ላይ ስማቸውን ጻፉልኝ ብለው የተቀመጡት ግን እርሳቸው ቀድመው ነው። እኔ የራሴን ራሴ ጻፍኩ። እርሳሱ ስላለቀ የብርቱካንን አዲስ እርሳስ ከእኛ በኋላ ለሚመጡት ተውንላቸው፤ ሣጥኑንም በያዝኩት ፌስታል ደርቤ ጠቀለልኩት።

ስንመለስ መሣሪያዋን ለብርቱካን ሰጠኋት። «ብቻሽን ቅደሚና መንገዱ ላይ ጠብቂን፣» አልኳት። እትዬ ውድነሽ ቀና ብለው አዩኝ። ልጄ አንድ ጊዜ ዞር አለችና ጉሙ ውስጥ ገባች። ልጠራት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ነጠላዬን ነከስኩ። ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደሆነ አላውቅም፣ «ደርሻለሁ!» የሚል ድምፅ ከላይ መጣ። እየደጋገመች ስትጣራ ድምፅዋን ተከትለን ወጣን።

ቤት

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቤት ገባን። ጫማችንን ደጅ አውልቀን፣ የተረፈውን ድንች አሙቀን በላን። ብርቱካን ስለሚቀጥለው ቅዳሜ አልጠየቀችኝም፤ እኔ ነኝ ያነሳሁት። ሄደች፣ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር፣ እኔ ገበያ ላይ ድንች እየመዘንኩ። ያን ቀን ሁለት ሰው ከሚገባው በላይ መዝኜለት ሄዷል መሰለኝ። በዘጠኝ ሰዓት እየሳቀች ተመለሰች።

ከጉዞው የተማርኩት ብዙ አይደለም። ልጄን የምጠብቃት ቆሜ በመያዝ ይመስለኝ ነበር። ቆሜ ስይዛት ግን እኔም እሷም የት እንዳለን አናውቅም ነበር። አሁንም እፈራለሁ፤ እየፈራሁ እሄዳለሁ።

አንድ ነገር ግን አልለቀቀኝም። ደብተሩ ውስጥ ከእኛ በፊት የመጨረሻ የጻፈችው አንዲት ሴት ናት። ቀኑን እርጥበት አጥፍቶታል። ጽሑፏ እንዲህ ይላል፦ «ትርሲት፣ ከጫግኒ። ብቻዬን መጣሁ፣ አገኘሁት! ግን ጉም ወርዷል፣ የመጣሁበት አይታየኝም። ትንሽ ልጠብቅና እመለሳለሁ።» ከዚያ በኋላ ምንም የለም። የብርቱካን መምህርት ኢንተርኔቱ ላይ ፈልጋ ስሟን አላገኘችውም። ይህን የምታነቡ የጫግኒ ሰዎች ካላችሁ፣ ወይም ትርሲትን የምታውቁ፣ ያን ቀን በሰላም ቤቷ ገብታ እንደሆነ እባካችሁ በክበቡ በኩል መልእክት ላኩልኝ።